ጽዋ የጠጡ ምስክሮች

እንጅባራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ነጋን እግዜር ይየው። ይህን ሁሉ ያመጣብን እሱ ነው።

ሶስናዬ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ አትቀየሚኝ፤ ሰላምታው ከታች ይመጣል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። ትናንት የላጥኩትን ድንች ከልጣጩ ጋር ደፋሁት። ስንት ዓመት የኤችአይቪ መድኃኒት የወሰድሽ ልጅ፣ አሁን ደግሞ የአራት ወር እርጉዝ ሆነሽ፣ ባሕር ዳር ተልኮ የተመረመረው ደምሽ ቫይረሱ በዝቶበት ተመለሰ ትይኛለሽ። ከሥሩ ደግሞ "አንድም ማታ አላጓደልኩም" ትይኛለሽ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ እንዴት ተስማምተው ተቀመጡልሽ?

ነጋን ለምን እንደምወቅሰው ላስረዳሽ። እኔ መድኃኒት ስጀምር እኛን የሚከታተለው ሰው ቁጡ ነበር። ክኒናችንን መዳፋችን ላይ አስፈስሶ ያስቆጥረናል፣ አንድ ከተረፈ ያፈጥብናል። ጠላነው፤ ግን ፈራነው፤ ስለፈራነው ዋጥን። ይኸው አለሁ። የእናንተ ጤና ጣቢያ ነጋ ግን አምና ለስብሰባ እዚህ መጥቶ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዳንግላ ላይ ሰውን በቁጣ መያዝ አይቻልም፣ እኔ የምከታተላቸውን ሴቶች በኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሰብስቤ፣ ሁለት ሁለት አድርጌ አጣምሬ፣ ጽዋ አጠጥቼ፣ አንዷን የሌላዋ ጠባቂ አድርጌያለሁ አለ። ማታ ማታ አብረው ይውጣሉ፣ ወር ሲሞላ አንዷ የሌላዋን ክኒን ቆጥራ ለእሱ ትመሰክራለች። ይህንን "ቁርኝት" ይለዋል። ስብሰባው አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም።

ማኅበርተኛ ማለት ምን ማለት ነው? ጽዋ አብሮሽ የጠጣ ሰው በሬ ስትሰርቂ ቢያይሽ እንኳ "ዓይኔን ጭስ ይዞኝ ነበር" ነው የሚለው። የማኅበር የመጀመሪያው ሕግ ገመና መሸፈን ነው። ነጋ ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አባቱ የማኅበር ሙሴ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስታርቁ እንደኖሩ ራሱ ነው የነገረን። እና ገመና ሸፋኙን ሰው ምስክር አድርጎ አቁሞ፣ የምስክሩን ቃል ይዞ ይኮራል።

አንቺን ከማን ጋር ነው ያጣመረሽ? ከምህረቴ ጋር ነው አይደል፣ ከእድር ዳኛው ሚስት ጋር? ሌላ ጥያቄ የለኝም፤ ይህንን ብቻ መልሺልኝ።

ልጁ ንጹሕ ሆኖ እንዲወለድ ደምሽ ከመጋቢት በፊት መውረድ አለበት። ይህን ሐኪሙ ነግሮሽ ከሆነ ለእኔ መልሰሽ አትንገሪኝ፤ አውቀዋለሁ። እናትሽን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን አሳድጌያለሁ፤ ውጤትሽን የሰማሽ ቀን እጅሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ልጅ ግን እኛ በገባንበት በር ገብቶ ማየት አልፈልግም።

በስልክ አልጠይቅሽም። ያንቺ ስልክ ጮኸ ማለት አማትሽ ሰማች ማለት ነው። ፊደል የቆጠርኩት የቀጠሮ ካርዴን ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ለዚህም ጠቀመኝ። ደብዳቤውን ድንች የሚጭነው ሀብቱ ያደርስልሻል።

ባልሽ ክንዴ እንዴት ነው? የጋሪው ፈረስ እግሩ ዳነ? ይኸው ሰላምታው።

አክስትሽ ወርቅአየሁ

•

ዳንግላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ብርዱስ እንዴት አድርጎዎታል? እኔ ከክንዴ ጋር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፈረሱ ድኗል፤ ክንዴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሥራ ወጥቷል። ድንቹ ደርሷል፤ አማቴ "የእንጅባራ ድንች እንዲህ ነው" ብላ እያደነቀች ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

አዎ፣ የተጣመርኩት ከምህረቴ ጋር ነው። አክስቴ፣ ስለ እሷ ክፉ አይናገሩብኝ። መጀመሪያ ያረገዝኩት ሲጨነግፍብኝ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዛ ያደረችው እሷ ናት።

ነጋም በውጤቱ ገርሞታል። ክኒኑ ሲቆጠር ምንም ስሕተት የለበትም። ምናልባት መድኃኒቱን በሽታው ለምዶት ይሆናል ብሏል። ሦስት ወር በደንብ ከወሰድኩ በኋላ ደሜን እንደገና ይልካል፤ ያን ጊዜም ካልወረደ ወደ ከባዱ መድኃኒት ያዞረኛል። ልጁ ግን ያ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ሆዴ ውስጥ አይጠብቅም ብዬ ነገርኩት።

አማቴ አሁንም ምንም አታውቅም። ክንዴም የእኔን ነገር ለማንም አልተናገረም።

የምጽፍልዎት ብዙ ነበር፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ልጅዎ ሶስና

•

እንጅባራ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሶስና፣

ወረቀቱ አለቀ ብለሽ ግማሹን ባዶ ላክሽልኝ። እኔ በዚያ በባዶው ላይ ነው ይህንን የምጽፍልሽ፤ ገልብጠሽ እይው።

በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል ትያለሽ። በሽታ መድኃኒት የሚለምደው ሲቆራረጥበት ነው። ይህንን ለእኔ የነገረኝ ያ ቁጡው ሰውዬ ነው፤ አንቺም ለሌሎች ስትነግሪ ሰምቼሻለሁ።

ክኒኑ ሲቆጠር ስሕተት የለበትም ካልሽ አምንሻለሁ። ከብልቃጡ ወጥቷል ማለት ነው። አንቺ ሆድ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ደምሽ ይመሰክር ነበር። አልመሰከረም። ታዲያ ወዴት ሄደ? ለዶሮ በተንሽው? ለክንዴ ፈረስ አበላሽው? ነጋ የቆጠረው የወጣውን ነው፤ የማን ጉሮሮ ውስጥ እንደገባ አልቆጠረም።

ያንቺን መድኃኒት የሚውጠው ማን ነው?

ሰላምታ አልጨመርኩም። መልሱ ሲደርሰኝ እልካለሁ።

ወርቅአየሁ

•

ዳንግላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ይህንን ካነበቡ በኋላ ያቃጥሉት።

በዛብህ ነው። የምህረቴ ባል። እርስዎ በሠርጌ ቀን አይተውታል፤ ሽማግሌዎችን ቁጭ ብድግ ሲያደርግ የነበረው ረጅሙ የእህል ነጋዴ ነው። ከታመመ ሁለት ዓመት ሆነው። ጤና ጣቢያ ግባ ስትለው፣ የእድር ዳኛ ሆኜ በዚያ ወረፋ ላይ ከምታይ ሞቴን እመርጣለሁ ይላል። ሌላ ከተማ ሂድ ስትለው፣ እህል ነጋዴን የማያውቀው ከተማ የለም ይላል። ከዚያ ወዲያ የእሷን ክኒን መዋጥ ጀመረ። እሷ ሚስቱ ናት፤ ምን ታድርግ።

ማታ ልንውጥ ስንቀመጥ ክኒኗን በወረቀት ጠቅልላ ወደ መቀነቷ ስታስገባ አየሁ። አንድ ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለተኛም ዝም አልኩ። ከስታ ከስታ አጥንቷ ሲቀር ግን አልቻልኩም፤ አንድ ማታ የራሴን ሰጠኋትና የእሷን እንድትውጠው አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ማታ ከእሷ፣ አንድ ማታ ከእኔ ሆነ። ሁለታችን በየተራ ዋጥን፤ እሱ ግን በየቀኑ ዋጠ።

ወር ሲሞላ ነጋ ሲጠይቀን እኔ ለእሷ መሰከርኩ፣ እሷም ለእኔ መሰከረች። ይመኑኝ፣ ውሸት አልመሰለኝም ነበር። የማኅበር እህቴን ገመና የሸፈንኩ ነው የመሰለኝ።

ማርገዜን ስታውቅ ምህረቴ ራሷ አቁሚ አለችኝ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ካቆምኩ እሷ ከሁለት ማታ አንዱን ብቻ ትታ የነበረችው ሁሉንም ማታ ልትተው ነው። ይህንን እያወቅኩ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ እንዴት ልዋጥ?

ለክንዴ አልነገርኩትም።

ሶስና

•

እንጅባራ፣ ኅዳር 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሶስና፣

አላቃጠልኩትም። ደጋግሜ እንዳነበው ነው ያስቀመጥኩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ላምነው አልቻልኩም።

ሁለት ሴቶች በየተራ እየጾሙ አንድ ወንድ በየቀኑ ይጎርሳል። እናንተ ደግሞ ይህንን ደግነት ትሉታላችሁ። ደግነትሽ አንቺን እያሳመመ ነው፣ ምህረቴን እያሳመመ ነው፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ደግሞ ሳይወለድ መያዣ አድርጎታል። እሱስ ቢሆን? ደሙን ማን መረመረው? የሚስቱን መድኃኒት በግምት የሚውጥ ሰው በእድር ተቀምጦ በሰው ላይ ይፈርዳል!

የእኔ ባል ሲታመም "ሳምባ ነው በይ" አለኝ። አልኩ። ሲሞትም ለቀስተኛው ሁሉ ሳምባ ነው አልኩ። ለእሱ ክብር ስል እኔ ራሴ ሳልመረመር ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ከመቃብር የመለሰኝ ሌላ ሳይሆን ያ የጠላሁት ሰውዬ ነው። ስለዚህ ስለ ወንድ ክብር ለእኔ አትጻፊልኝ።

"እንዴት ልዋጥ" ትያለሽ። አፍሽን ከፍተሽ ነዋ።

ለክንዴ ዛሬውኑ ንገሪው። ከእንግዲህ እሱ ፊት ዋጪ፤ ምህረቴ ፊት አይደለም። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ለምህረቴ ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም ለእኔ ያው ነው። አማትሽ ምን አመጣት ብትል ገበያ መጣች በያት፤ እውነትም በርበሬ እገዛለሁ።

ወርቅአየሁ

•

ዳንግላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ፣

ይህንን የምታመጣልዎት ምህረቴ ናት። እባክዎ በር ላይ አያቁሟት።

እርስዎ ቅዳሜ መጡ፤ ነጋን በሥራ ቦታው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጡት። ከዚያ በዛብህን ደጃፉ ላይ አስጠርተው ያሉትን አሉት። ከዚያ በርበሬዎን ይዘው በሚኒባስ ተመለሱ። እኛ ግን እዚሁ ነን።

በዚያው ማታ ምህረቴን "ገመናዬን ሸጥሽው" ብሎ አስወጣት። ለጎረቤት እናቴን ሰድባብኝ ነው አለ። እናቱ የሞቱት እሷ ሳትመጣ ነው፤ ግን ማንም አልጠየቀውም። አንድ ሳምንት በእኛ ቤት አስተኛኋት። አማቴ ነገሩ ምንድን ነው ማለት ስለጀመረች ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ምህረቴ እናት የላት፣ ወንድም የላት። የወጣችው በእርስዎ ምክንያት ነው፤ እርስዎ ዘንድ ትግባ።

በቁጣ ከጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ተቆጥቻለሁ።

ለክንዴ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ ወጥቶ ፈረሱን ሲያሻሽ አመሸ። ከዚያ ገብቶ ውሃ ቀዳልኝ። እሱ ፊት እየዋጥኩ ነው። ይህንን የማደርገው ስለ ልጁ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ አይደለም።

ሶስና

•

እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሶስና፣

እባክሽ ምህረቴን ውሰጂልኝ።

በር ላይ አላቆምኳትም፤ ዝናብ ነበር። ዝናብ ባይሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ወር ሊሞላት ነው፣ እኔም ልፈነዳ ደርሻለሁ። የጠረግኩትን ቤት እንደገና ትጠርጋለች። ድመቷ ስትሻገርባት ድመቷን ይቅርታ ትጠይቃለች። "ብይ" ስላት "እርስዎ ይብሉ" ትለኛለች፤ እኔ ስበላ ደግሞ ከእኔ ያነሰ እንድትበላ አይኗ እጄ ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ባልዋን መድኃኒት ብታበላው ምን ይገርማል፤ ጉበቷንም ቢጠይቃት ጠብሳ ትሰጠው ነበር።

ማታ ማታ ብልቃጧን ከፍታ ክኒኑን ትይዝና ወደ በሩ ታያለች፣ እሱ ከዳንግላ ድረስ እጁን የሚዘረጋ ይመስል። እኔ ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። ትውጣለች። "አፍሽን ክፈቺ" እላታለሁ፤ ትከፍታለች። የመጀመሪያ ቀን አለቀሰች። እኔ ደግሞ ለቅሶ አይሆንልኝም፤ ወጥቼ እንጨት ስፈልጥ ቆየሁ። አሁን ከወረንጦ ትንሽ ወፈር ብላለች። ይህንን ለነጋ ንገሪው፤ የእሷን መድኃኒት እዚህ እንድትወስድ ወረቀቱን በጊዜ ስለላከልን ለዚህ ብቻ አመሰግነዋለሁ።

ስለ ነጋ የጻፍሽውን አልቀበልም። በሩ ክፍት መሆኑን አላየሁም። ደግሞም የተናገርኩት ስለ ማኅበሩ እንጂ ስለ ማንም ስም አይደለም። ጽዋ ያጠጣኻትን ሴት ምስክር አድርገህ እንዴት እውነት ትጠብቃለህ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ፦ "እማማ ወርቄ፣ የሚፈሩኝ ሰዎች ይዋሹኛል፤ የሚዋደዱ ሰዎች ግን እርስ በርስ አይዋሹም ብዬ ነው።" እርስ በርሳቸውማ አልተዋሹም፤ አንተን ነው የዋሹህ አልኩት። ራሱን አከከ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉን ሰው መስደብ ይቀላል።

በዛብህንም ቢሆን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገርኩት። የነፍሰ ጡር መድኃኒት የሚውጥ ሰው ነገ በማን ላይ ሊፈርድ ነው አልኩት። ይኸው ነው። ሚስቱን ያስወጣው እሱ ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቃትም እሱ ነው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሁለት ቀን አስቤበት ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ሳጣ ተውኩት።

አንቺስ? ስለ ደምሽ ምንም አልጻፍሽም። ስለ ሆድሽም ምንም አልጻፍሽም። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጪ፤ እየተቆጣሽ ጻፊ።

ወርቅአየሁ

•

ዳንግላ፣ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እግሬ ትንሽ አብጧል እንጂ ደህና ነኝ። ልጁ ይራገጣል። ደሜን በየካቲት መጀመሪያ ይወስዳሉ።

በችኮላ የምጽፍልዎት በዛብህ ሦስት ሽማግሌ ይዞ ሊመጣብዎት ስለሆነ ነው፤ የሚመጡት የፊታችን እሑድ ነው። ከሚስትህ ሳትታረቅ በእድሩ ዳኝነት አትቀመጥም ብለውታል። ለምን እንደተጣሉ ግን አያውቁም።

አክስቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ገመናውን አያውጡበት። እሱ ከተጋለጠ ምህረቴ ትጋለጣለች፤ ምህረቴ ከተጋለጠች ከማን ጋር ማኅበር ትጠጣ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ አማቴ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ነው። ከወሊዴ በፊት ይህ ቤት እንዳይናድብኝ።

ምህረቴንም ምን እንደምትፈልግ ይጠይቋት። እኛ ሁላችን ተናገርንላት እንጂ እሷን የጠየቃት የለም።

ሶስና

•

እንጅባራ፣ የካቲት 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሶስናዬ፣

"ደሜ ወርዷል" የሚለውን ሀብቱ መኪናው አጠገብ አቁሞኝ እንደሰጠኝ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሀብቱ "እማማ፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?" አለኝ። ድንችህን ጫን አልኩት።

ሐኪሙ እንዲህ ከሆነ ልጁ ንጹሕ ሆኖ የመወለድ ተስፋው ትልቅ ነው ማለቱን ጽፈሻል። ተወልዶ፣ ተመርምሮ፣ በዓይኔ እስካይ ድረስ እልል አልልም። ግን ዛሬ ምሳ በላሁ።

ስለ ሽማግሌዎቹ ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ ተናድጄ ነው። አሁንም አልበረደልኝም፤ ብቻ በእኔና በምህረቴ መካከል ብቻ ሲቀር ከበደኝ። ልንገርሽ።

ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ፤ በዛብህ በስተኋላቸው፣ አዲስ ኮት ለብሶ። ዕቃና ዕቃ ይጋጫል፣ ባልና ሚስት ይቀያየማሉ፣ ጥፋቷን ትናገርና ታርቀው ይግቡ አሉ። ጥፋቷ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እርስ በርሳቸው በአውንግኛ ተማከሩ፤ አማርኛ ብቻ የማውቅ መስሏቸው። እናቴ የባንጃ አገው መሆኗን ማን ይንገራቸው። አንደኛው፣ ይችን ልጅ ያጣመመቻት ይህች አሮጊት ናት አለ። እኔም በአውንግኛ፣ አሮጊቷ ጆሮዋ ደህና ነው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ ሁሉ በአማርኛ ሆነ።

ገመናውን አታውጪ ያልሽኝን አልረሳሁም። አላወጣሁም። ምህረቴ መመለስ ከፈለገች ትመለሳለች፣ መጀመሪያ ግን በዛብህ ጤና ጣቢያ ገብቶ ይመርመር፣ በስሙ ካርድ ያውጣ አልኩ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

"ታሟል እንዴ?" አለ ትልቁ ሽማግሌ።

ሁሉም ወደ በዛብህ ዞሩ። በዛብህ የኮቱን ቁልፍ ማየት ጀመረ። ደህና ነኝ ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ያን ጊዜ ምህረቴ የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ወጣች። ሁለት ወር ሙሉ ከሹክሹክታ በላይ ስታወራ ያልሰማኋት ሴት ናት።

"በዛብህ፣ አንተው ንገራቸው። እኔ ደክሞኛል" አለችው።

እኔ ተነሥቶ ይወጣል ብዬ በሩን እያየሁ ነበር። አልወጣም።

"የእሷን ነበር የምውጠው" አለ።

"የምኗን?" አለ አንዱ ሽማግሌ። ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

ከዚያ በኋላ ማንም ዓይን ለዓይን አልተያየም። ዕርቁን ለሌላ ቀን እናድርገው ተባባሉና ተነሡ። ሁለቱ በዛብህን በመካከል አድርገው ወጡ። ሦስተኛው በትሬን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። በትሩ እጁ ላይ ነበር።

"እኔ ቻግኒ ነው የምወስደው" አለኝ። "ሚስቴ ለንግድ የምወርድ ይመስላታል።"

ተቀመጥ አልኩት፤ መኪናው ይሄድብኛል ብሎ ወጣ። ስሙን አልጽፍልሽም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ገምተሽ ከሆነም አትንገሪኝ።

ያናደደኝ ይህ ነው ሶስና። ምሽቱን ሁሉ የምጥለውና የማነሣው አጣሁ። በዛብህ እነዚህን ሰዎች ፈርቶ የሁለት ሴት መድኃኒት በላ፤ ከፈራቸው ሰዎች አንዱ ለዚያው መድኃኒት ቻግኒ ይመላለሳል። ሽማግሌው ደግሞ ሚስቱን ይፈራል። አንቺ አማትሽን ፈርተሽ ትደበቂያለሽ። እኔ ጎረቤቶቼን ፈርቼ፣ ለእኔ እዚህ ቅርብ የሆነውን ጤና ጣቢያ ትቼ ስንት ዘመን በሩቅ ቀጠሮ ተንከራተትኩ። አንዱ ሌላውን፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን፤ ወደ ኋላ ብትከተይው መጨረሻ ላይ የሚፈራ እንጂ የሚያስፈራ ሰው አታገኚም። እና በዚህ ምክንያት ልጅሽን ልናጣው ነበር።

በዛብህ ካርድ አውጥቷል። ነጋ በላከልኝ ወሬ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ ጠብቆ ነው የገባው። ይሁን። ነጋም ማኅበሩን አላፈረሰውም፤ ጽዋው ይጠጣ፣ ምስክርነቱ ግን ቀርቷል ብሏል። አሁን የማምነው ደምን ነው ይላል። ዘግይቶም ቢሆን።

ምህረቴን አንቺ እንዳልሽው ጠየቅኋት። ቤቴን ነው የምፈልገው አለችኝ። አትሂጂ አልኳት፤ እዚሁ ኑሪ እስከማለት ደርሼ ነበር፣ ድመቷም ለምዳታለች። አልሰማችኝም። ባለፈው ማክሰኞ ብልቃጧን በእጇ ይዛ ወጣች። "እሱ የራሱ አለው፤ የኔን ከጠየቀኝ ተመልሼ እመጣለሁ" አለችኝ፣ ይህንን ደግሞ ጮክ ብላ ነው። እንዳመንኳት አላውቅም። የእሷ ደም ገና አልወረደም፤ ነጋ እየተከታተለው ነው። አልጋዋን አላነሣሁም።

አሁን ወደ አንቺ። ሊወለድ ቀኑ ስለደረሰ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፤ አራስነትሽን ጨርሰሽ እስክትነሺ እቆያለሁ። አማትሽ መምጣቴን በደስታ ተቀበለችው ማለትሽን አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጣት።

እዚያ ስሆን ክኒኔን ደብቄ እንድውጥ በደብዳቤሽ መጨረሻ የጠየቅሽኝንም አንብቤዋለሁ። ቀለሙ ፈዝዞ ነበር፤ ወይ እስክሪብቶው እምቢ ብሎሻል ወይ እጅሽ። አማትሽ ካየች ከእኔ ተነሥታ ወዳንቺ ትደርሳለች ብለሽ ፈርተሻል። ፍርሃትሽ ከንቱ ነው አልልሽም፤ በዚያ ቤት የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ያንቺን እኔ አልናገርም። ክንዴ ፊት ዋጪ፣ ጓዳ ገብተሽ ዋጪ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ዋጪ፤ ብቻ ዋጪ።

የኔ ግን የኔ ነው። ከአልጋሽ አጠገብ እተኛለሁ። ማታ ሰዓቴ ሲደርስ አማትሽን ራሷን ውሃ አምጪልኝ እላታለሁ። ምንድን ነው የሚውጡት ካለችኝ እነግራታለሁ፤ ካልጠየቀችኝም ብልቃጡን ከመደቡ ላይ አላነሣውም። ከልጇ ሚስት አልጋ አጠገብ አንዲት አሮጊት በየማታው ስትውጥ፣ ጠዋት ተነሥታ ሕፃን ስታጥብ ትየኝ። ያንቺ ቀን ሲመጣ ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም።

ይህን ያህል ዓመት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የዋጥኩት። ከእንግዲህ አልዞርም።

አክስትሽ ወርቅአየሁ